ለቻይናዊት ጓደኛዬ የመሬትና የተራራ እንግሊዝኛ እንዴት ላስረዳት?

ከውሃን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቻይና፣ ውሃን ከተማ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ቻይናዊት ጓደኛ አለችኝ፤ የሻንሺ ክፍለ ሀገር ልጅ ናት። ከሁለት ወር በኋላ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ትወስዳለች። እሷ ቻይንኛዬን ታርምልኛለች፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዋን አያለሁ።

ጎበዝ ናት። ግን ስለ መሬት መጻፍ ስትጀምር ነገሩ ይበላሽባታል። ባለፈው ሳምንት ስለ ትውልድ መንደሯ አንድ ገጽ ጻፈች። «ልጅ ሆኜ በየቀኑ ላንዱን እጠርግ ነበር» ይላል። ቤት መጥረጓን ለመናገር ነው። ዝቅ ብሎ «እየሮጥኩ ሶይሉ ላይ ወደቅኩ» ይላል። እዚህ ሰፈራችን ያለችውን በእግር ቶሎ የምትወጣ ከፍታ ደግሞ «ማውንቴን» ብላታለች።

የቃላት ደብተር አላት። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ቻይንኛ። ወደ 200 ቃል ይሆናል። ደብተሩን ዘግቼ ስጠይቃት አንድም አትስትም። ስትጽፍ ግን ትስታለች። «ለምን ተሳሳትኩ?» ስትለኝ ደግሞ እኔ መልስ የለኝም። ቃሉን አስተካክልላታለሁ እንጂ ምክንያቱን መናገር አልቻልኩም። ይህ በጣም ከንክኖኛል። ቻይናውያን ያስተማራችሁ ወይም አብራችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ።

የቋንቋ መምህር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ደስ የሚል ነው። ጓደኛህ ያልያዘችው ቃል የለም። ችግሩ ያለው ደብተሯ ላይ ነው። ደብተሩ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የቻይንኛ ቃል ጋር ብቻ ያጣምራል። መሬቱን ግን ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ድንበር አልከፋፈሉትም።

ከተራራው እንጀምር። ቻይንኛ «ሻን» የሚል ቃል አለው። የፊደሉ ቅርጽ ራሱ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ይመስላል። ኤቨረስትም ሻን ነው፣ ከከተማ መሐል ያለች ጉብታም ሻን ናት። አንተ ያለህበት ውሃን ጥሩ ምሳሌ አለ። ቢጫው የሽመላ ግንብ የቆመበትን ከፍታ ቻይናውያን «ሼ ሻን» ይሉታል፤ የእባብ ሻን ማለት ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ «ስኔክ ሂል» (የእባብ ኮረብታ) ብሎ ነው የሚተረጉመው። ስለዚህ ጓደኛህ የጻፈችው ከአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አንጻር ልክ ነው። እንግሊዝኛው ነው ለሁለት የሚከፍለው። እኛም ተራራና ኮረብታ ብለን እንከፍላለን፤ ለዚህ ነው አንተ ስህተቱ ቶሎ የታየህ።

«ስንት ሜትር ሲደርስ ነው ማውንቴን የሚባለው?» ብላ ትጠይቅህ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም። ብሪታንያ ውስጥ ብዙ ጊዜ 2,000 ጫማ ይላሉ፣ ወደ 610 ሜትር ነው። እሷ ግን ትምህርት ቤት የተማረችው ቁጥር አላት። የቻይና የጂኦግራፊ መጽሐፍ «ቾሊንግ» የሚለውን ኮረብታማ መሬት ባብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ያደርገዋል። ያ ቃል የመጽሐፍ ቃል ነው። ሰው ቅዳሜ ሊዝናና ሲወጣ «ቾሊንግ ልወጣ ነው» አይልም፤ «ሻን ልወጣ» ነው የሚለው። ብዕር ስታነሳ ወደ እጇ የሚመጣውም ይኸው የየዕለቱ ቃል ነው።

ላንድ፣ ግራውንድና ሶይልን በሌላ ጽሑፍ እመለስበታለሁ። እሱ ሰፊ ነው።

ቀያሽ

ሰላም። እኔ የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ከቻይና መሐንዲሶች ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። እነሱ አማርኛ አይችሉም፣ እኛ ቻይንኛ አንችልም፤ መሐል ላይ እንግሊዝኛ ነው ያለው። ሁለታችንም የተዋስነው ቋንቋ ነው። ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

አንድ ወጣት መሐንዲስ የመስመሩን ጉብኝት ሪፖርት ይጽፋል። በአንድ ቦታ ላይ «ዲች አለ» ብሎ ጻፈ። ዲች ማለት በእኛ ሥራ ውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ሰው ዘሎ የሚሻገረው። ቢሮ ያለው ሰው ያንን አንብቦ አነስተኛ የቱቦ ካልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ ማሳለፊያ) ይበቃል ብሎ አሰበ። እኛ የመለኪያ መሣሪያውን ቶታል ስቴሽን ይዘን ቦታው ስንደርስ ከፊታችን ያለው ሌላ ነው። አፋፉ ላይ ቆመን ታች ያሉት ከብቶች ፍየል አክለው ይታዩናል። እሱ ራቪን ነው፣ ጥልቅ ገደላማ ሸለቆ። ድልድይ ነው የሚፈልገው።

ልጁ ግን ሰነፍ አልነበረም። በኋላ ምሳ ላይ ሳወራው ገባኝ። ቻይንኛው «ጎው» ነው። ጎው የመንገድ ዳር ቦይም ነው፣ ጎርፍ የቆረጠው ቦረቦርም ነው፣ ገደላማ ሸለቆም ነው። ሲችዋን ውስጥ ያለው ዝነኛው ጅዩጃይጎው መጨረሻው ላይ ያለችው ይህችው ቃል ናት። ያ ትልቅ ሸለቆ ነው፣ ሐይቆችና ፏፏቴዎች ያሉበት። እንግሊዝኛ ግን እንደ መጠኑ ዲች፣ ጋሊ፣ ራቪን፣ ቫሊ እያለ ይለያያል። መዝገበ ቃላቱን ሲከፍት መጀመሪያ ያገኘው ዲች ነበር። እሱን ጻፈው።

ከዚያ በኋላ በቡድናችን አንድ ልማድ ጀመርን። የቦታ ቃል ሲጻፍ ጥልቀቱና ስፋቱ አብሮ በሜትር ይጻፋል። ለጓደኛህም ይህን ንገራት። ደብተሯ ላይ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ መጠን ትጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛም «ሸለቆ» ላይ እንሳሳታለን። ስምጥ ሸለቆም ሸለቆ ነው፣ የአባይ ሸለቆም ሸለቆ ነው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ቫሊ ነው፣ ሁለተኛውን ግን ጎርጅ (ጠባብና ገደላማ ሸለቆ) ነው የሚሉት። እዚህ ላይ ቻይናውያን ይሻሉናል፤ ለጎርጅ «ሽያ» የሚል የራሱ ቃል አላቸው። በያንግትዜ ላይ ያሉት ሦስቱ ጎርጆች «ሳንሽያ» ይባላሉ።

ነጋዴዋ ከጓንጆ

ቀያሽ ጋሼ፣ የጎው ታሪክህ እኔንም ነካኝ። ጓንጆ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በአስተርጓሚነትም እሠራለሁ። ውሃ ላይ ያለውን እኔ ልጨምር።

ለእንግሊዝኛ «ሪቨር» አንድ ቃል ነው። ቻይንኛ ሁለት አለው፤ «ሄ» እና «ጅያንግ»። በጥንት ጊዜ ሄ የቢጫ ወንዝ ስም ነበር፣ ጅያንግ የያንግትዜ። ኋላ ላይ ሌሎችም ወንዞች መጠሪያ ሆኑ። ሰሜን ስትሄዱ ሄ ይበዛል፣ ደቡብ ስትመጡ ጅያንግ። የኛው የጓንጆ ወንዝ ጁጅያንግ ነው፣ የዕንቁ ወንዝ። ይህ አያስቸግራትም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ይገባሉ።

የሚያስቸግረው ዳርቻው ነው። ቻይንኛ «አን» ይለዋል፣ የወንዝም የባሕርም ዳር አን ነው። በእንግሊዝኛ ወንዝ ባንክ አለው፣ ሐይቅና ባሕር ሾር አላቸው። አሸዋ ኖሮት የሚዋኝበት ከሆነ ቢች፣ ከመርከብ ወይም ከካርታ ላይ ሆነን ስናየው ኮስት። እኛም «ዳር» ብለን እንጨርሰዋለን። አንድ ደንበኛዬ ያንግትዜ አጠገብ መጋዘን እንዳለው ሲገልጽ «ኮስት ላይ ነው» አለ። ገዢው ወደብ መስሎት የመርከብ ጭነት ዋጋ ጠየቀ። ከብዙ መልእክት በኋላ ነው የተግባቡት።

ሌላው «ሃይ» ነው። ባሕር ማለት ነው። ግን ቤጂንግ መሐል ያሉት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ቤይሃይ፣ ሆውሃይ ይባላሉ። ዩናን ውስጥ ኧርሃይ አለ፣ ሐይቅ ነው። ስለዚህ «ቤጂንግ መሐል ሲ (ባሕር) አለ» ብላ ብትጽፍ አትደንግጥ።

የቋንቋ መምህር

ቃል እንደገባሁት ተመለስኩ።

ላንድ፣ ግራውንድ፣ ሶይል፣ ኧርዝ፣ ፍሎር። አምስት ቃል ነው። ቻይንኛ «ዲ» በምትባል አንዲት ቃል አብዛኛውን ይሸፍናል። ቤት መጥረግ «ሳኦ ዲ» ነው፤ በቀጥታ ዲን መጥረግ። ጓደኛህ «ላንዱን እጠርግ ነበር» ያለችው ከዚህ ነው። እኛስ? «ብርጭቆው መሬት ወደቀ» እንላለን፣ ሳሎን ውስጥ ሆነን። «መሬት ሸጠ» እንላለን። «መሬቱ ለም ነው» እንላለን። ወለልና አፈር የሚሉ ቃላት አሉን፤ ግን መሬት ቦታቸውን ይወስዳል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼም ይህችኑ ስህተት ይሠራሉ።

እኔ ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፤ ስሙን ትቼ ግሱን እጠይቃለሁ። ሰውየው ምን እያደረገበት ነው? ከገዛው፣ ከወረሰው፣ ድንበር ካካለለበት ላንድ ነው። ከቆመበት፣ ከወደቀበት፣ ከተቀመጠበት ግራውንድ ነው። ዘር ከዘራበት፣ በእጁ ከዘገነው ሶይል ነው። ጣሪያ ሥር ሆኖ ከጠረገው ፍሎር ነው። ኧርዝ ከሶይል ጋር ይቀራረባል፣ ግን ጨረቃ ላይ ሆኖ ዞር ብሎ ያየው እንደሆነ ኧርዝ ብቻ ነው። ተማሪው ግሱን ሲያገኝ ስሙ ራሱ ይመጣል።

«ላንድሎርድ» የሚለው ቃልም ደብተሯ ላይ ካለ አስረዳት። ለየብቻ ሲተረጎም የመሬት ጌታ ነው። ቻይንኛም «ዲጁ» የሚል ተመሳሳይ ቃል አለው። ግን ዲጁ ከ1950ዎቹ የመሬት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ከባድ ቃል ነው፤ የመደብ ስም ነው። በዛሬ እንግሊዝኛ ላንድሎርድ ባብዛኛው ቤት አከራይ ነው። ቻይናውያን አከራይን «ፋንግዶንግ» ነው የሚሉት። «መሬት ለአራሹ»ን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ልዩነት ማስረዳት አይከብድም። በእኛም «ባላባት» እና «አከራይ» አንድ ቦታ አይገቡም።

አይኤልትስ አሰልጣኝ

የሁላችሁም ሐሳብ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልቃወም። ልጅቷ የቀራት ሁለት ወር ነው። ነጥብ የሚያስጥላት ሂልና ማውንቴን መለየት አለመቻሏ አይደለም። እኔ የቻይናውያን ተማሪዎችን ጽሑፍ በብዛት አርማለሁ። የሚያስጥላቸው ከስም በፊት የምትገባው ትንሿ ቃል «ዘ» ናት።

ቻይንኛ እንዲህ ያለ መስተኣምር የለውም። እንግሊዝኛ ደግሞ በቦታ ስም ላይ ወግ ያበዛል። ወንዝ፣ ባሕር፣ በረሃና የተራራ ሰንሰለት «ዘ» ይወስዳሉ፤ ዘ ያንግትዜ፣ ዘ ጎቢ፣ ዘ ሂማላያስ። አንድ ሐይቅና አንድ ተራራ ግን አይወስዱም፤ ሌክ ባይካል፣ ማውንት ታይ። ቅደም ተከተሉም ይምታታባቸዋል። ቻይንኛ እንደ አማርኛ ስሙን ያስቀድማል፤ ጣና ሐይቅ እንደምንለው «ቺንግሃይ ሁ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ሌክና ማውንትን ፊት ያደርጋል፣ ሪቨርን ባብዛኛው ኋላ። ስለዚህ «ታይሻን ማውንቴን» የሚል ትጽፋለች። ይህ «ታይ ተራራ ተራራ» ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «ኒር ማይ ሆም ሃዝ ኤ ማውንቴን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ፈልግ። እርግጠኛ ነኝ ጽሑፏ ውስጥ ታገኘዋለህ። የቻይንኛው አሠራር ቦታውን አስቀድሞ «አለው» ይላል። «ዜር ኢዝ» እንድትል አስለምዳት።

ሦስተኛ፣ ላንድ አይቆጠርም። «ኤ ላንድ» ካለች አገር ይመስላል። እዚህ ግን የራሷ ቋንቋ ያግዛታል። በቻይንኛ «ዪ ኳይ ዲ» ነው፤ አንድ ቁራሽ መሬት። «ኤ ፒስ ኦፍ ላንድ» ቁርጥ እሱን ነው። ይህን አንድ ጊዜ ካሳየሃት አትረሳውም።

አነጋገሯንም ስማ። ማንዳሪን የ«ቭ» ድምፅ የለውም። ቫሊ «ዋሊ» ይሆናል። አይላንድ ላይ ያለችውን ዝም ያለች ፊደል ያነቡና «ኢስላንድ» ይላሉ። ሂል ስትል ካስረዘመችው ተረከዝ ይሆናል።

ከውሃን

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! ሁሉንም አንብቤ ሦስት ቀን ከእሷ ጋር ሠራን። የመምህሩን የግስ ዘዴ መጀመሪያ ሞከርኩ። ደብተሯን ትታ ሃያ ዐረፍተ ነገር ጻፈች፤ ሁለት ብቻ ሳተች። አሰልጣኝ፣ ያልከው ዐረፍተ ነገርም አለ። እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ግን ሌላ ነገር መጣ። መንደሯን እንደገና ጻፊ አልኳት። ግማሽ ገጽ ላይ ቆመች። ሻንሺ ያለው በቢጫው አፈር አምባ ላይ ነው። ነፋስ ያመጣው አፈር በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ተቆልሏል። ጎርፍ ደግሞ ቆራርጦታል። የእሷ ሰዎች ለዚያ መሬት ሦስት ቃል አላቸው፤ «ዩዋን»፣ «ልያንግ»፣ «ማኦ»። አያቷ የሚኖሩት ከዩዋን አፋፍ ላይ በተፈለፈለ ቤት ነው። መዝገበ ቃላቱ ለዩዋን «ፕላቶ» (ሰፊ ከፍታ ሜዳ) ይላታል። እሷ ደግሞ «ፕላቶ ሙሉ ክፍለ ሀገሩ ነው፣ ዩዋን ግን ከአያቴ በር ላይ ሆኜ ጫፉ የሚታየኝ ነው» አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «የቤቴ ስም በእንግሊዝኛ የለም ማለት ነው» አለች። ይህን ስትል ፊቷን ባያችሁት።

ሌላም አለ። በንባብ ልምምድ ላይ «ቱርፓን ዲፕሬሽን» የሚል አግኝታ ስለ ድባቴ የተጻፈ መስሏት ነበር። በቻይንኛ ቱርፓን «ፐንዲ» ነው፣ የሳህን መሬት እንደማለት።

ቀያሽ

ለዲፕሬሽኑ ደናክልን ንገራት። የቱርፓን ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል 154 ሜትር በታች ነው። የኛም ደናክል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ዲፕሬሽን ነው የሚላቸው። ቃሉ ወደታች የተጫነ ማለት ነው፤ መሬትም ይጫናል፣ ልብም ይጫናል። እንዲህ ብትላት ሁለቱን አትለያይም፣ አብራ ትይዛቸዋለች።

የቋንቋ መምህር

ከውሃን፣ መልእክትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ስም የለም እንዳትላት። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የመሬት ተመራማሪዎች ዩዋን፣ ልያንግና ማኦን አይተረጉሟቸውም። እንዳሉ ነው የሚጽፏቸው። መጀመሪያ ሲጠቅሱ አንድ መስመር ያብራራሉ። ዩዋን ዙሪያውን በቦረቦር የተቆረጠ፣ አናቱ ጠፍጣፋ መሬት ነው። ልያንግ ረጅም ጀርባ ያለው ሸንተረር ነው። ማኦ ለብቻው የቀረ ክብ ጉብታ። ይኸው በቃ።

ለዚህ ደግሞ ከአንተ የተሻለ አስረጂ አታገኝም። አንተ አምባ የምታውቅ ሰው ነህ። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል። ስለ ኢትዮጵያ የጻፉ የውጭ ሰዎች «አምባ»ን እንዳለ ወስደውታል፣ ምክንያቱም ሂልም ፕላቶም አልመጥን ብሏቸው ነው። ጠንካራውን አለት ከለስላሳው አፈር ለይላት፤ የእኛ አምባ አለት ነው፣ የእነሱ ዩዋን አፈር። ግን ከአፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ልጅ ስሜቱ ይገባዋል።

ለመጻፍም ቀላል ነው። «አያቴ የሚኖሩት ዩዋን ላይ ነው» ትበል። ቀጥላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ምን እንደሆነ ታስረዳ። ፈታኙ አዲስ ቃል ይማራል።

አይኤልትስ አሰልጣኝ

ይህን እኔም እደግፋለሁ። በፈተናው የአገር ቃል መጠቀም ነጥብ አያስቀንስም፤ ከተብራራ። እንዲያውም ለማብራራት ስትል «ፍላት»፣ «ስቲፕ»፣ «ኤጅ»፣ «ስሎፕ» የሚሉትን በትክክል ትጠቀማለች። ቀደም ብዬ ችኩል ሆኜ ነበር። «ዘ» ግን ይቀጥል!

ነጋዴዋ ከጓንጆ

እህቴን አበረታታልኝ። ሌላ አንድ ድልድይ ልስጥህ፤ «ቲትየን»። የመሰላል እርሻ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ቴራስ። ዩናን ያለው የሃኒዎች የሩዝ እርከን በ2013 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የኛ ኮንሶ በ2011። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ አሳያት። እኔ እዚህ ለጎረቤቶቼ ሳሳያቸው ኮንሶን «ቲትየን!» ብለው ነው የጮሁት። ማንም ሳይነግራቸው።

ከውሃን

ትናንት ማታ ጨረሰችው። አንድ ገጽ ተኩል። «ማይ ግራንድፋዘር ሊቭስ ኦን ኤ ዩዋን» ብላ ነው የምትጀምረው። ቀጥላ አፋፉን፣ ቦረቦሩን፣ ታች ያለውን ደረቅ ወንዝ ትዘረዝራለች። ወንዙ ባንክ አለው። አያቷ ፍሎሩን ይጠርጋሉ። አንድ ቦታ ብቻ «ዘ» ጎድሏል፤ እሱንም ራሷ አገኘችው።

ደብተሯንም ቀይራለች። በቀኝ በኩል የነበረውን ቻይንኛ ትታ ያየችውን ቦታ ስም ትጽፋለች። ከ«ሂል» አጠገብ ሼ ሻን። ከ«ጎርጅ» አጠገብ ሳንሽያ። የኮንሶን ፎቶ ከ«ቴራስ» ጎን ለጥፋዋለች። መጨረሻ ገጽ ላይ «አምባ» የሚለውን በቻይንኛ ፊደል ጽፋ ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ተራራ ሥላለች። ፎቶውን እልክላችኋለሁ።

ቅዳሜ ሼ ሻን አብረን እንወጣለን። ከላይ ያንግትዜና በ1957 የተሠራው ድልድይ ይታያሉ፤ ማዶ ደግሞ የኤሊው ሂል አለ። ባንክና ሾርን እዚያው እናያቸዋለን። ከዚያ ምሥራቅ ሐይቅ እንወርዳለን። ቀያሽ ጋሼ፣ ሜትርም ይዘን ነው የምንሄደው።